እንግሊዝ አገር መጥቼ ሸክላ ሠሪ ሆንኩ

ሥራዬ ለንደን ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ነው የምገባው። ቅዳሜ ሲሆን ግን እንቅልፌን ትቼ አንዲት ኢራናዊት ሴትዮ ጋ ሸክላ እማራለሁ። ተራ ሸክላ እንዳይመስላችሁ። ከ800 ዓመት በፊት ካሻን በምትባል የኢራን ከተማ ይሠራ የነበረ፣ ወርቅ የተቀባ የሚመስል የግድግዳ ሴራሚክ ነው። የሚመስል ነው ያልኩት። ወርቅ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ። ብርና መዳብ ነው።

ሴትዮዋ ቴህራን ነው ተወልዳ ያደገችው። አገሯ እያለች ግን ጭቃ ነክታ አታውቅም። ሙያውን የለመደችው እዚሁ እንግሊዝ፣ ከመጽሐፍና ከፈረንጅ ሸክላ ሠሪዎች ነው። ይሄ መጀመሪያ ላይ ገርሞኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ምኑ ይገርማል? ስንቱ ሐበሻ ነው አገር ቤት እያለ ክራር ዞር ብሎ ሳያይ፣ እዚህ መጥቶ ለልጁ የክራር አስተማሪ ሲያፈላልግ የሚውለው።

ጭቃው ራሱ ጭቃ አይባልም። አቡል ቃሲም የሚባል የካሻን ሰው እ.ኤ.አ. በ1301 ልኩን ጽፎ አስቀምጦታል። 10 እጅ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ፣ 1 እጅ የመስታወት ዱቄት፣ 1 እጅ ነጭ ሸክላ አፈር። ድንጋዩ ስለሚበዛ ለእጅ አይታዘዝም፤ ትንሽ ጫን ካሉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በቅርጽ ማውጫ ነው የሚጨመቀው። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ይወጣል፣ በኮከቦቹ መሃል ደግሞ መስቀል ይገባል። ከዚያ መስታወት የመሰለ ነጭ ሽፋን ይቀባና ይተኮሳል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የብርና የመዳብ ውህድ ከቀይ አፈርና ከኮምጣጤ ጋር ይለወሳል። ቤቱ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ቅጠል ለመሳል ቅጠሉን አትቀቡም፤ ዙሪያውን ትቀቡና ቅጠሉን ነጭ አድርጋችሁ ትተዉታላችሁ። የተቀባው ቦታ ላይ ደግሞ ሳይደርቅ በሹል ነገር ጥቃቅን ጥምዝምዞች ይጫራሉ። እኔ የምጠቀመው ወስፌ ነው። እናቴ ለስፌት ብላ የላከችልኝ፣ ስፌት ያልሰፋሁበት ወስፌ። ሴትዮዋ የራሷን መርፌ አስቀምጣ አሁን እሱን ነው የምትዋሰኝ።

ቀጥሎ ሁለተኛው እሳት። ምድጃው ጓሮዋ ውስጥ ነው ያለው። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ አለፍ ሲል ሽፋኑ ለስለስ ማለት ይጀምራል። ያኔ አየሩን ዘግታ ቀጫጭን እንጨት ትጨምራለች። ጭሱ ይንቦለቦላል። አየር ያጣው እሳት ከብሩና ከመዳቡ ውህድ ላይ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። ንጹሑ ብረት ዓይን የማያየው ቅንጣት ሆኖ ሽፋኑ ውስጥ ይቀራል። ጭሱ ካነሰ ምንም አይወጣም፤ ከበዛ ይጠቁራል። መቼ እንደሚበቃው የሚታወቀው በሽቦ መንጠቆ መሞከሪያ ቁራጭ እየጎተቱ በማየት ነው። አቡል ቃሲም 72 ሰዓት በቀስታ ይጨስ ይላል። እኛ በአንድ ምሽት ነው የምንጨርሰው። ጎረቤት የሚባል ነገር አለ።

ሲወጣ ያስጠላል። ቀይ አፈሩ እላዩ ላይ አርሮ ተጣብቋል። በእርጥብ ጨርቅ ስታሹት ነው ጉዱ የሚታየው። መጀመሪያ ከአውራ ጣታችሁ ሥር ትንሽ ቢጫ ብልጭ ይላል። ብሩ ነው። መዳብ የበዛበት ጋ ቀላ ይላል። ወደ መስኮቱ ዘንበል ስታደርጉት ደግሞ ወይን ጠጅ ይሆናል።

አንድ ቀን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ወሰደችኝ። መግቢያው ነጻ ነው፣ ያልሄዳችሁ ሂዱ። ቫራሚን ከምትባል የኢራን ከተማ፣ ከኢማምዛዴ ያህያ መቃብር ቤት የመጡ እ.ኤ.አ. የ1262 ኮከቦች እዚያ አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከግድግዳው እየተነቀሉ ዓለም ላይ ተበትነዋል። የመቃብር ቤቱ ሚህራብ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ የሚያመለክተው ያጌጠ የግድግዳ ክፍል፣ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ነው ያለው። ቫራሚን ለቴህራን ቅርብ ናት፤ ሴትዮዋ ግን ኮከቦቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ለንደን ነው። እኔም የመቅደላን የወርቅ ዘውድና ጽዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ ሙዚየም ውስጥ እንደሆነ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1868 የተወሰዱትን ማለቴ ነው። «አንቺም?» አለችኝ። ከዚያ ሻይ ልንጠጣ ወጣን።

ሻዩ ላይ ስለ ሚህራቡ አጫወተችኝ። 1265 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የሠራው ሰው ስሙን ጽፎበታል፦ አሊ ኢብን ሙሐመድ ኢብን አቢ ጣሂር። አራት ትውልድ የዘለቀ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ነው። ያ ልኩን የጻፈው አቡል ቃሲም የዚህ ሰው ልጅ ነው፤ የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ እንኳ የአባቱን ሙያ አላፈረበትም። እኔ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። እኛ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ማለት ስድብ ነበር። ቡዳ ናት ይሏታል። በጀበናዋ ቡና ይጠጣል፣ በምጣዷ እንጀራ ይጋገራል፣ ከልጇ ጋር ግን ጋብቻ የለም። ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ የምትመጣውን ሴት ስሟን የሚያውቅ ሰው አላውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

የመጀመሪያዋ ደህና ኮከቤ የወጣች ቀን ጀርባዋ ላይ ስሜን በፊደል ጻፍኩና ፎቶዋን ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ምንድን ነው እሱ? ወርቅ ነው?»

«ሸክላ ነው እማዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ሸክላ? ሎንዶን ድረስ ሄደሽ ሸክላ?»

ትንሽ ዝም አለች። ፎቶውን እያየች መሆኗ ገብቶኛል።

«ስንት ያወጣል?»

«አይሸጥም።»

«እንግዲያው ለእኔ ላኪልኝ፣ ሳሎን እሰቅለዋለሁ። ማን ሠራው ካሉኝ ፈረንጅ ነው እላለሁ።»

«ጀርባው ላይ ስሜ አለ እኮ።»

«ጀርባውን ማን ያየዋል?»