ሐምሌ ላይ የቆመው የሒሳብ ኮምፒውተር

ሐምሌ የገባ ሰሞን ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 አልቆ፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል መዝገብ የመዝጋት ሥራ ተጧጡፏል። አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሩ አፕዴት እየጫነ ሊጠፋ ሲል መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) አንዴ ጮኸና አብሮ ጠፋ። በማግስቱ ዊንዶውሱ «አውቶማቲክ ሪፔር» ይላል፣ «መጠገን አልቻልኩም» ይላል፣ እንደገና ይነሣል፣ መልሶ እዚያው።

እንዲህ ያለው ብልሽት ምንጩ ግልጽ ነው። አፕዴት ሲጫን የሲስተም ፋይሎችና ሬጅስትሪው (የዊንዶውሱ ቅንብሮች ማኅደር) አንድ ላይ ይቀየራሉ። ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ሥርዓት) በመዝገቡ የሚጠብቀው የፋይሉን ስምና ቦታ እንጂ ውስጡን አይደለም፤ ስለዚህ መብራት በመሐል ሲቋረጥ ፋይሉ በቦታው ይገኛል፣ ይዘቱ ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ይሆናል።

የተጠራው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዊንዶውሱ ሳይሆን ስለ ሒሳብ ፕሮግራሙ ስለ ፒችትሪ ነበር። «የፒችትሪው ባክአፕ የት ነው ያለው?»

«ዲ ላይ አለ። ፍላሽም ላይ አለ» አሉ የሒሳብ ኃላፊዋ።

በዚህ ኮምፒውተር ዲ ማለት ከሲ ጋር የአንዱ ዲስክ ክፋይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ፍላሹ ደግሞ ሲከፈት ሾርትከት ብቻ ነበር። ሾርትከት ቫይረስ ፋይሎችን አያጠፋም፣ ይደብቃል፤ በአትሪብ ትእዛዝ (የኤች፣ የኤስና የአር ምልክቶችን በመቀነስ) ድብቅነቱ ሲነሣ የፒቲቢ ፋይሎቹ (የፒችትሪ ባክአፖች) ወጡ። የመጨረሻው ግን የመጋቢት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የሦስት ወር ምዝገባ ሁሉ የማይነሣው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው ያለው። በየሰፈሩ እንደሚደረገው «ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንጫን» ቢባል ኖሮ የሦስት ወር ቫውቸር ከፋይል ሳጥን እየወጣ እንደገና ይገባ ነበር።

ስለዚህ ከጥገናው በፊት መረጃውን ማውጣት። ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻና መጠገኛ ትእዛዝን) እንኳ አስቀድሞ ማስኬድ አይገባም፤ ዲስኩ የታመመ ከሆነ የተበላሸ ያለውን ፋይል ቆራርጦ ሊያስቀረው ይችላል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ የዊንዶውስ መጫኛ ይዘጋጃል፤ ፍላሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ተጭኖ ከፍላሹ ይነሣል። የመጫኛው መስኮት ሲመጣ ሺፍትና ኤፍ10 ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይከፍታሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በዚህ መስኮት የድራይቭ ፊደሎች ሊቀያየሩ ይችላሉ። በዚያ ኮምፒውተር ዊንዶውሱ ያለው ሲ ላይ ሳይሆን ዲ ላይ ሆኖ ነው የታየው። ዲስክፓርት የተባለው የክፋዮች ማስተዳደሪያ ተከፍቶ «ሊስት ቮሊዩም» ሲባል የትኛው ክፋይ የዊንዶውሱ እንደሆነ ከመጠኑ ይታወቃል። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነም ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ ካልተገኘ ወደ ፊት መሄድ አይቻልም።

ኖትፓድ ከፍቶ «ኦፕን» በሚለው መስኮት ፋይል መቅዳት ይቻላል፣ ለጥቂት ፋይል ይበቃል። ለሙሉ ፎልደር ግን ሮቦኮፒ የተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ይሻላል፤ ከ/ኢ (ንዑስ ፎልደሮችንም እንዲቀዳ) ጋር /ኤክስጄ፣ /አር፡1 እና /ደብልዩ፡1 ተጨምረው። ያለ እነዚህ ሁለት የመጨረሻ ቅጥያዎች ሮቦኮፒ አንድ የማይነበብ ፋይል ሲገጥመው በየ30 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ እየደገመ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ ሰው ኮምፒውተሩ የደረቀ ይመስለዋል። /ኤክስጄ ደግሞ በዩዘር ፎልደር ውስጥ ያሉት አቋራጮች ማለቂያ በሌለው ዙር እንዳይከቱት ነው። የፒችትሪው የካምፓኒ ፎልደር እንዳለ፣ ዴስክቶፑ፣ ዶክመንትና የዳውንሎድ ፎልደሩ፣ የአውትሉክ ፒኤስቲው (የኢሜይል ማኅደሩ) ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተቀዳ። የንባብ ስሕተት አለመኖሩም ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን የሚጠቁም የመጀመሪያ ምልክት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነው ጥገናው የተጀመረው፣ በሁለት ሰዓት ገደብ። ገደብ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ጥገና ቀን ይበላል። በቅድሚያ ከሪከቨሪ ማውጫው የመጨረሻው አፕዴት እንዲነቀል ተሞከረ፣ እንቢ አለ። ቀጥሎ ዲስም የተባለው የዊንዶውስ መጠገኛ ትእዛዝ ወደ ዲ (በዚህ መስኮት ዊንዶውሱ ወዳለበት ክፋይ) ተመርቶ «ሪቨርት ፔንዲንግ አክሽንስ» ተሰጠው፤ ይህ ያልተጠናቀቀ አፕዴትን ወደ ኋላ የሚመልስ ሲሆን ለእንዲህ ያለው አደጋ ከሁሉ የተሻለው ሙከራ ነው። እሱም አልተሳካም። ኤስኤፍሲ (የሲስተም ፋይሎች መፈተሻው) ከውጭ፣ ከፍላሹ ሲሠራ የተበላሹ ፋይሎች አግኝቶ ሁሉንም መመለስ እንዳልቻለ አሳወቀ። በቃ፣ ዳግም መጫን።

ሲጫን የክፋዮቹ ዝርዝር የድራይቭ ፊደል የለውም፤ ክፋዮቹ በዋናነት የሚለዩት በቁጥርና በመጠን ነው። ስለዚህ የዲ (ባክአፑ ያለበት የመረጃ ክፋይ) መጠን በወረቀት ተጽፎ ነበር፤ የሲ፣ የኢኤፍአይ (የማስነሻው) እና የሪከቨሪ ክፋዮች ብቻ ተሰርዘው ዲ ሳይነካ ቀረ። ኤክስተርናሉም ተነቅሎ ነበር፤ በዚህ ሰዓት ተሰክቶ መገኘት የለበትም። ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ዲጂታል ስለነበር ተመሳሳዩ ኤዲሽን ሲመረጥ ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ ነቃ።

ፒችትሪው የተጫነው በነበረው ቨርዥን ልክ ነው። አዲስ ቨርዥን መረጃውን ወደ ራሱ ቅርጽ ስለሚለውጠው ወደ አሮጌው መመለስ አይቻልም። የካምፓኒው ፎልደር ፕሮግራሙ ተዘግቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ተከፈተ። መከፈቱ ግን አልበቃም፤ ኃላፊዋ በሰኔ መጨረሻ ያተሙትን ትራያል ባላንስ (የሒሳቦቹ ሁሉ ቀሪ ማመሳከሪያ ዝርዝር) ከስክሪኑ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት፣ ገጠመ። የቆዩት የአማርኛ ደብዳቤዎች መጀመሪያ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነበሩ፤ በዩኒኮድ (ዛሬ በሁሉም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል አሠራር) ሳይሆን በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ስለሆኑ ፎንቱ ሲጫን ተነበቡ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ የሚሰርዝ ሰው ብዙ ነው፤ ያሳዝናል።

የዩፒኤሱ ባትሪ (12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት) ተቀየረ፤ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች ተመደቡ፣ አንዱ ቢሮ ሲሆን ሌላው ከቢሮ ውጭ፣ በየሳምንቱ እየተለዋወጡ። ፕሮግራሞቹ ሁሉ እንደተጫኑ የሙሉ ሲስተሙ ኢሜጅ (ሙሉ ቅጂ) በዊንዶውሱ የባክአፕ ትእዛዝ በደብልዩቢአድሚን ተወሰደ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ኃላፊዋ የመጨረሻውን ፒቲቢ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ትራያል ባላንሱን ከታተመው ጋር ያስተያያሉ፤ ቀኑንና ፊርማቸውን ዲስኩ ማስቀመጫ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያሰፍራሉ።