ፕላቲነም የመጣ ቀን

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አላሰኘኝም። ሰማዩ እንደጠቆረ ዋለ፣ ስልክም አላነሳሁም። ማታ ላይ የእህቴ ልጅ ላስቲኩ ያልተቀደደ ሣጥን ታቅፎ መጣና «ጋሼ፣ ለዶሚንየን ተጨማሪ ገዛሁ!» አለኝ። ደብሮኛል ብል እንኳ ያ ፊት እምቢ የሚባል አልነበረም።

ስለ ዶሚንየን ስንት ጊዜ እንደቀባጠርኩ ታውቃላችሁ። ለረሳ ሰው፦ ዶናልድ ቫካሪኖ የሚባል ሰው የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የካርታ ጨዋታ ነው፤ በዓመቱ ጀርመኖች የዓመቱ ጨዋታ ብለው ሸለሙት። ሁሉም ተጫዋች በ10 ደካማ ካርታ ይጀምራል፤ ሰባቱ መዳብ፣ ሦስቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው የነጥብ ቆጠራ ድረስ እጅ ከማጣበብ በቀር ሥራ የሌላቸው ርስቶች። በየተራህ ከጠረጴዛው ካርታ ትገዛለህ፤ የገዛኸው ከክምርህ ጋር ተበውዞ ቆይቶ እጅህ ይገባል። መዳብ 1 ያወጣል፣ ብር 2፣ ወርቅ 3። ሁሉም የሚቋምጥለት ክፍለ ሀገር ነው፤ ዋጋው 8፣ ነጥቡ 6።

እኔ ብልሃት የለኝም። ብር እገዛለሁ፣ በብሩ ወርቅ፣ በወርቁ ክፍለ ሀገር። ልጁ «የጡረተኛ አጨዋወት» ይለዋል። ይበል። ሁለት ወርቅና አንድ ብር እጄ ላይ የገጠሙ ጊዜ ግን ባላባት ነኝ።

የዛሬው ሣጥን በ2010 የወጣው ፕሮስፔሪቲ ነው። ላስቲኩን በጥርሱ ቀዶ ዘረገፈው። ፕላቲነም የሚባል ወጣ፤ ዋጋው 9፣ ሲያወጡት 5። ቀጥሎ ቅኝ ግዛት፤ ዋጋው 11፣ ነጥቡ 10። (ቅኝ ግዛት ከክፍለ ሀገር ይበልጣል የሚል ሕግ ለሐበሻ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል። ልጁ እዚህ ባሕር ማዶ ስለተወለደ ምኑ እንዳሳቀኝ አልገባውም።) ደግሞ ኪንግስ ኮርት የሚባል አለ። በድሮው ሣጥን ውስጥ አንድን ካርታ ሁለት ጊዜ የሚያሠራ ነበረ፤ ይሄኛው ሦስት ጊዜ ያሠራዋል። ሦስት ጊዜ!

ወርቄን አነሳሁና አየሁት። ሥዕሉ ያው ነው፣ 3 የምትለዋም ቁጥር እዚያው ናት፣ ማንም አልነካውም። ግን በኛ አቆጣጠር በ2013 መግቢያ ላይ ባለ ሁለት መቶው ብር ሲመጣ ባለ መቶው ኖት የሆነውን ሆኗል። ትናንት ንጉሥ ነበር፤ ዛሬ መልስ ነው።

ልጁ ካርታ እያደለ «ይሄ ምንም አይደል ጋሼ፣ ማጂክ ላይ የሆነውን ብታይ» አለና ማጂክ ከሚባለው ሌላ የካርታ ጨዋታ አንድ የ2004 ካርታ አወራልኝ። ዳርክስቲል ከሚባለው ጭማሪ ጋር የወጣች፣ ስከልክላምፕ የምትባል። ለተዋጊህ ስታስታጥቃት የመምቻ ኃይሉን በ1 ትጨምራለች፣ የመቋቋም አቅሙን በ1 ትቀንሳለች፤ ታጣቂው ሲሞት ሁለት ካርታ ትስባለህ። ያቺ «ትቀንሳለች» የምትለው ቅጣት ትመስላለች አይደል? አቅሙ 1 ብቻ የሆነ ሚጢጢ ተዋጊ ሲታጠቃት ግን እዚያው ክልትው ይላል። ሁለት ካርታ። ሌላ ሚጢጢ ታስታጥቃለህ፤ ሁለት ካርታ። እርግማኑ ራሱ ሲሳይ ሆነ። ዓመቱ ሳይጋመስ ከዋናው ውድድር አገዷት። በገንዘብህ ገዝተህ ታገደች ሲሉህ ለማን አቤት እንደምትል ልጁን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

እኔም «የኛ ካርታ ይሻላል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ኮንከር። ማንም የማይጨምርበት፣ ማንም የማይቀንስበት። ከዚያ ጆከር ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ።

ጆከርኮ ጭማሪ ነው! ከመሠረቱ ከ52ቱ ውስጥ አልነበረም። በ1860ዎቹ አሜሪካኖች ዩከር ለሚባል ጨዋታቸው ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ካርታ አስፈለጋቸውና ጨመሩት። ጣሊያኖች ደግሞ ከዚያ አራት መቶ ዓመት ቀድመው በተራው ካርታ ላይ ሁሉን የሚረቱ 21 ካርታዎችና አንድ ሞኝ ጨምረው ነበር፤ ትሪዮንፊ ይሉታል። ዛሬ ጠንቋይ የሚዘረጋው ታሮት ያው እሱ ነው፤ ጥንቆላው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። እና በዚያ ዘመንም አንዱ ሽማግሌ ጥግ ይዞ «ድሮ እኮ በንጉሥ ይበቃን ነበር» ሳይል አልቀረም።

ሰፈር ውስጥ የነበረን ካርታ ጥጋጥጉ ተልጦ ፀጉር አውጥቶ ነበር። አንዱ ጆከር ጠፋ። ጓደኛችን መ. የኒያላ ካርቶን በምላጭ ቆርጦ «ጆከር» ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈበት፣ ከሥሩም አፉ የተንጋደደ ሰው ሣለ። ጀርባው ሌላ ቀለም ስለሆነ ማን እንደያዘው ቤቱ በሙሉ ያያል። የደረሰው ሰው በእጁ መሀል ሊሸሽገው ይሞክራል፣ እኛ ደግሞ ገና ሳይወርድ «በላ በለኛ!» እንላለን። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ የተሻለ ፍትሐዊ ጆከር የትም አልታተመም። ኃያሉ ካርታ ማን እጅ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ይሄ ደንብ ለምን ዓለም አቀፍ እንዳልሆነ አይገባኝም።

መ. አሁን የት እንዳለ ግን ከናንተ ውስጥ የሚያውቅ አለ?

ልጁ ከሄደ ሰዓት አልፏል፣ እኔ ግን አንድ ካርታ የመጨመር መብት ቢሰጠኝ ምን እጨምር ነበር እያልኩ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ለሁሉም እኩል የሚጠቅም ነገር አሰብኩ፤ እንቅልፌን አመጣው። ቀጥሎ የመጨረሻውን ሰው የሚደግፍ አልኩ፤ የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ እኔ ስለሆንኩ ያስጠረጥራል ብዬ ሰረዝኩት። በመጨረሻ አንድ የረቀቀ ሐሳብ መጣልኝ፦ ተራህን ከጨረስክ በኋላ ማንም ሳይጫወት አንተው እንደገና የምትጫወትበት ካርታ። ደስ ብሎኝ ለልጁ ጻፍኩለት።

«ታይም ዎክ» ብሎ መለሰልኝ። «ማጂክ ላይ በ1993 ወጥቷል ጋሼ። ያኔውኑ በዛ ተብሏል። ተኛ።»