ሳሙናውን መልሰው!

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የነዳጅ ማመላለሻ ድርጅት ገብቼ በሥራ ላይ ደህንነት ሠራተኝነት ገና ሦስተኛ ወር ላይ ነበርኩ። ከጅቡቲ የመጣ ቦቴ ግቢያችን ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድ ድንጋይ መታውና ቫልቩ ተሰበረ። ናፍጣው ይንዶለዶል ጀመር። ግቢው ደግሞ ወደ ደቻቱ ወንዝ ያዘቀዝቃል።

«የውሃ ጎማውን ሳቡ! ሳሙና አምጡ! ቶሎ እንጠበው!» ብዬ ጮኽኩ።

አንድ አንጋፋ ሹፌር እጄን ያዘኝ።

«አቦ ተው! ሳሙናውን መልሰው። አጥበህ የት ልትሰደው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እሱ አካፋ አንስቶ ከፍሰቱ ፊት አፈር ይከምር ጀመር። ረዳቱ ከቫልቩ ሥር ሳፋ ደቀነ፤ እየሞላ ወደ በርሜል ይገለብጣል። እኛ ከጎረቤት አናጺ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ ተሸከምን። ጀሪካን ይዘው የመጡትን ሰፈርተኞች ጥበቃው ከበር መለሳቸው። እሳት ቢነሳ ሁላችንንም ይጨርሰን ነበር።

ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ደቻቱ በጋውን ደረቅ አሸዋ ይምሰል እንጂ፣ ጎርፍ ሲመጣ በዚያ አሸዋ ሰርጎ ነው ከሥር ያለውን ውሃ የሚተካው። አጥቤው ቢሆን ኖሮ ናፍጣውን ወደምንጠጣው ውሃ እየነዳሁት ነበር።

በኋላ ሳነብ መንግሥትም እንዲህ ተሳስቶ እንደሚያውቅ አየሁ። በ1967 እ.ኤ.አ. ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ እንግሊዝ ዳርቻ ላይ ከአለት ተላትማ ከ100 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ዘይት ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። የእንግሊዝ መንግሥት ባሕሩንም ዳርቻውንም የኬሚካል ሳሙና አስረጨበት። ሳሙናው ከዘይቱ ብሶ የባሕር ፍጥረቱን ፈጀ። የታጠቡት ዳርቻዎች ካልታጠቡት ይልቅ ለማገገም ብዙ ዓመት ወሰደባቸው።

ገርንዚ ደሴት ላይ ግን ዘይቱን ሰብስበው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ደፉት። ከ40 ዓመት በኋላም እዚያው ተኝቶ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱም የእኛም ናፍጣ የጠጣ አፈርና ሰጋቱራ ሰባት በርሜል ሞልቷል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ደርድረን ጣሪያ አበጀንለት፤ «ናፍጣ ያለበት አፈር» ብዬ በቀለም ጻፍኩበት። ከዚያ ለአለቆቼ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፤ በር ላይ ሁልጊዜ አሸዋና ሰጋቱራ በጆንያ እንዲቀመጥ፣ የበርሜሎቹ መጨረሻ የት እንደሆነ ደግሞ በጽሑፍ እንዲነገረኝ። ጆንያዎቹ በሳምንቱ መጡ። ስለ በርሜሎቹ ዛሬም ሰኞ ሰኞ እጠይቃለሁ።