የእማዬ ጀሪካኖች

ውሃ ከጠፋ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሁለት ፈረቃ አለፈን። ሮቶው ከደረቀ ቆይቷል። ትናንት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ አራት ሙሉ ጀሪካን ነበረን፤ 80 ሊትር።

እማዬ ሥራ ከፋፍላላቸዋለች። ግድግዳው ጥግ ያለው ለመጠጥና ለምግብ ነው፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ለዕቃና ለፊት መታጠቢያ። ሦስተኛው ለሽንት ቤት። አራተኛው ልብስ ይነከርበታል። ጤና አዳሟ የምትጠጣው የሲኒ እጣቢ ነው።

ከሰዓት ላይ ወንድሜ የመጠጡን ጀሪካን ደፋው። ደነገጥኩ። እማዬ ግን ብዙም አልተናገረችም። ሁለተኛውን ጎትታ ጥግ አስያዘችው፤ ሌሎቹንም አንድ አንድ ቦታ አስጠጋቻቸው። ማንም አልተጠማም። የቀረብን የልብሱ እጥበት ነው። የተደፋው የመጠጡ ውሃ፣ ያጣነው ግን የልብሱን!

ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ያነሳው እንቆቅልሽ ነው፦ ያለ ውሃ መኖር አይቻልም፤ ታዲያ አልማዝ ለምን ይወደዳል? እ.ኤ.አ. በ1871 ሌላው የኢኮኖሚክስ ሊቅ፣ የቪየናው ካርል ሜንገር መልስ አገኘለት። ሰው የዓለምን ውሃ ሁሉ ከዓለም አልማዝ ሁሉ ጋር አያወዳድርም። የሚመዝነው እጁ ላይ ያለውን ነው፤ አንዱ ቢጎድል የሚቀርበትን፣ ከሁሉ የማያስቸኩለውን ጉዳይ። ውሃ ብዙ ስለሆነ የሚቀርበት ትንሽ ነው፤ አልማዝ ግን ጥቂት ነው። ያኔ ቃሉን ይዤ ወጣሁ። የገባኝ ግን ትናንት ወጥ ቤት ቆሜ ነው።

አሞሌም ትዝ አለኝ። አፋር ላይ ከመሬት የሚፈለጥ ጨው ነው፤ ደጋ ሲደርስ ገንዘብ ይሆን ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄድ ነበር። የግመሉና የበቅሎው ድካም አለበት፣ እውነት ነው። ደገኛው ባይፈልገው ግን ማን ይጭነው ነበር?

ማታ ታች ያለችው ጎረቤታችን መጣች። አራስ ናት። ጋሪ የሚገፋው ውሃ ሻጭ ዋጋ ጨምሮ አልቻለችውም። እዚያው ደጅ ላይ አንድ ሰውዬ ስድስት ጀሪካን ገዝቶ መኪናውን ሲያጥብ አይቻለሁ። ከእሷ በላይ ስለፈለገው አይደለም፤ ብሩ ስላለው ነው። መጽሐፉ ላይ ሰው ለሚፈልገው ነገር ይከፍላል ይላል። የሌለው በምን ይክፈል? ይሄ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

እማዬ ሦስተኛውን አንስታ ሰጠቻት። ለእኛ የሽንት ቤት ውሃ ነው፤ ለእሷ የሕፃኑ ገላ መታጠቢያና የአጥሚቷ ውሃ።

«እትዬ፣ ሂሳቡን ልስጥዎት።»

«ተይ ልጄ! ውሃ ደግሞ ይሸጣል?»

ከሄደች በኋላ እማዬን ጠየቅኳት። አንድ ብቻ ቢሆን የቀረንስ? ዝም ብላ አሰበችበት። «ግማሹን እቀዳላት ነበር» አለችኝ።

አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ሁለት ጀሪካን አለን። ቧንቧውን ከፍቼ ከሥሩ የብረት ባልዲ አስቀምጫለሁ፤ ከመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል።