የወገብ መገጣጠሚያ መርፌ፦ ስድስቱን ሰዓት ተኝቼ አሳለፍኳቸው

መርፌውን የተወጋሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በከንቱ ሄደ። የሄደውም በመድኃኒቱ ወይም በሐኪሙ እጅ ጥፋት ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ሳይወጋ በፊት እንዲሰማው ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አስተማሪ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ከቀበቶ በታች በስተቀኝ፣ ከመቀመጫዬ በላይ ካለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ይነሳና አንዳንዴ ወደ ብሽሽቴ፣ አንዳንዴ ወደ ታፋዬ ይወርዳል። አልጋ ላይ ስገላበጥ፣ ደረጃ ስወጣ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ጫማ ሳጠልቅ፣ ከበርጩማ ስነሳ ሰቅዞ ይይዘኛል። በዐቢይ ጾም ስግደት ማቋረጤ ግን ከሁሉም በላይ ነው ያስለቀሰኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ «ኩላሊት ነው» አለኝ። ሽንት ተመረመርኩ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ኩላሊቴ ጤነኛ ነው። «ብርድ ነው» ያሉኝም ነበሩ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እግሬን ተስቤ ሁለት ሳምንት አነከስኩ። በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሳሁና ውጤቱ ላይ ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል የሚል ስለተጻፈ አንድ ዓመት ሙሉ የዲስክ በሽተኛ ሆኜ ኖርኩ። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱ፣ በ20 ዓመታቸው ከ100 ሰው በ30ው ገደማ፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ ከ80 በሚበልጡት ላይ የዲስክ መውጣት ይታያል። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ያቺን ወረቀት እንደ ፍርድ ተሸክሜ አልዞርም ነበር።

ነገሩን ያገኘው ሐኪም ፊልሙን ከማየቱ በፊት «በአንድ ጣትሽ ብቻ የሚያምሽን አሳዪኝ» አለኝ። አሳየሁት። ከዚያ አጋድሞኝ ጉልበቴን አጥፎ ወደ ታች ገፋው፣ እግሬን እንደ አራት ቁጥር አጥፎ ተጫነው፣ ዳሌዬን ከጎን ጨመቀው። ከአምስቱ ፍተሻ አራቱ ያንኑ የማውቀውን ሕመም ቀሰቀሱት። ሳክሮኢሊያክ የሚባለው መገጣጠሚያ ነው አለኝ፤ የአከርካሪ ታችኛው ሦስት ማዕዘን አጥንት ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት። የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከወገብ በላይ ያለው ክብደት ሁሉ ወደ እግር የሚወርደው በእሱ በኩል ነው። በእርግዝና ጊዜ ጅማቶቹ ይላላሉ። ሥር ከሰደደ የወገብ ሕመም ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው መነሻው እዚያ ነው።

ይህን ሐኪም የምወደው በሌላም ነገር ነው። «ጥሬ ወተት ትጠጫለሽ? ሌሊት ያልብሻል? ክብደት ቀንሰሻል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የደም ምርመራም አዘዘ። ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ የሚባል ተሕዋስ ይህን መገጣጠሚያ ይወዳል፤ የሳንባ ነቀርሳ በሽታም አጥንት ላይ ይወጣል። በመርፌው የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ተሕዋስ ያለበት መገጣጠሚያ ውስጥ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። እኛ ሰፈር ወተት በጀሪካን በር ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ማንም ባይጠይቅሽም አንቺው ተናገሪ። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገብሽ ደርቆ የሚቆይና ስትንቀሳቀሺ የሚሻልሽ ከሆነም ንገሪው፤ የሕክምናው መንገድ ሌላ ነው።

ሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ ሠራሁ። በቂ አልሆነም። መርፌ ተወሰነልኝ።

ወደ ከተማው መሀል ከመሄዴ በፊት አንድ የሰፈራችን ክሊኒክ «ምን አደከመሽ፣ እዚሁ በእጃችን ዳብሰን እንወጋሻለን» ብሎኝ ነበር። ለታክሲ ስል ልስማማ ምንም አልቀረኝም። እንኳን አልተስማማሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ በእጅ ብቻ ተዳብሶ የተወጋው መርፌ የት እንዳረፈ በሲቲ ስካን ሲታይ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባው 22 በመቶው ብቻ ነበር። እኔ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ ካልሆነ አንድ ብር አትክፈሉ እላለሁ። እሩቅ ነው፣ ወረፋ አለው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም።

መወጋቱ ራሱ ቀላል ነው። ካርድ፣ ክፍያ፣ መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ መምጣት፣ ፊርማ። በሆድ መተኛት፣ ቀዝቃዛ ማጽጃ፣ ሲ-አርም የሚሉት የራጅ ማሽን ከላይ፣ ቆዳን የሚያደነዝዝ ትንሽ መርፌ፣ ቦታውን የሚያሳይ ቀለም፣ ቀጥሎ ከውስጥ ጭንቅ የሚያደርግ ግፊት። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የተበላሸው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። በዕለቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ ሆስፒታሉ ሚኒባስ ላይ መቀመጡን ፈርቼ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ዋጥኩ። አትዋጪ ያለኝ አልነበረም። ስደርስ ሲስተሯ «ከ10 ስንት ያምሻል?» አለችኝ። «3» አልኳት። ጻፈችው። ማስታገሻ ወስጄ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ነገሬ ብዬ አልነገርኳትም። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተወጋሁ። ስወጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ፦ «ለ3 ቀን ሙሉ ዕረፍት ያድርጉ፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ይመለሱ።»

እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ባለቤቴ ራይድ ጠርቶ ከኋላ ወንበር ላይ አጋደመኝ። ጎረቤቶቼ ደግፈው አወጡኝ። አማቴ አጥሚት ይዘው ጠበቁኝ፣ መጋረጃውን ዘጉልኝ፣ ልጆቹን ይዘው ወጡ። ተኛሁ። ስነቃ ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሕመሙም እዚያው ነው። ሌሊቱን ከወትሮው ባሰ። በማግስቱም እንደዚያው። ከወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ከባለቤቴ እህት ተበድረን፣ ምንም ለውጥ የለም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፦ «በወጋሁሽ ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ደረጃ ስትወጪ ስንት ያምሽ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሲሪንጁ ውስጥ ሁለት መድኃኒት እንደነበረ ያን ጊዜ ነገረኝ። አንዱ ማደንዘዣ ነው፤ ወዲያው ይሠራል፣ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቃል። ሌላው ስቴሮይድ ነው፤ ሥራውን የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ነው፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፣ በመካከሉ አንድ ሁለት ቀን ሕመም ማባሱም የታወቀ ነው። ማደንዘዣው በሚሠራባቸው ሰዓታት፣ ወትሮ የሚያምሽን ነገር እያደረግሽ ሕመሙ ከግማሽ በላይ ከወረደ ጥፋተኛው ያ መገጣጠሚያ ነው። ካልወረደ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። መርፌው ሕክምና የሆነውን ያህል ምርመራም ነው። እኔ ማስታገሻ ውጬ መጣሁ፣ ማደንዘዣው ሲሠራ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። መልሱ እጄ ገብቶ ሳላየው አለፈ።

«ማን ነው ተኚ ያለሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። የራሱ ክፍል ማኅተም ነው። አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው፣ መለሰልኝ። ለጉልበትም ለትከሻም ለወገብም የሚታደለው ያው አንድ ወረቀት ነው። ይቅርታ አላለኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ ተማሪዎቼን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ የማስተምር ሰው «ይህ መድኃኒት ምን ይሠራል?» ብዬ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ስቴሮይድ ቶሎ ቶሎ አይደገምም፤ በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ ማለፍ አይመከርም። ሦስት ወር ጠብቂ ተባልኩ። ሦስት ወር እያነከስኩ ጠበቅኩ።

ሁለተኛው ጊዜ የልጄን ደብተር ይዤ ሄድኩ፤ ሰዓት፣ ያደረግኩት ነገር፣ ቁጥር ብዬ መስመር አስምሬበት። ሐኪሙን አስፈቅጄ ከዋዜማው ጀምሮ ማስታገሻ አልወሰድኩም። (ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም።) ስገባ ሕመሜ ከ10 7 ነበር። ከተወጋሁ በኋላ እግሬ ለትንሽ ጊዜ ከበደኝ፤ ጸንቶ እስኪቆም ጠበቅኩ፣ ባለቤቴም ከጎኔ አልተለየም። ብቻችሁን አትሂዱ፣ መኪናም በዚያ ቀን አትንዱ። ቤት ስንደርስ አማቴ አልጋውን አንጥፈው ነበር። «እማዬ፣ ዛሬ አልተኛም» አልኳቸው።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አራት ፎቅ ደረጃ፦ 1። ከበርጩማ መነሳት፦ 0። በቀኝ እግሬ ቆሜ ጫማ ማጥለቅ፦ 1። 9 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ሰገድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሰባት። አማቴ በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። 11 ሰዓት ላይ 3 ሆነ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 6። ማደንዘዣው እያለቀ መሆኑን ስለማውቅ አልደነገጥኩም። ሁለት ቀን ባሰብኝ። ፊቴ ቀላ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ የወር አበባዬም ያለ ጊዜው መጣ፤ ሦስቱም ከስቴሮይዱ ነው፣ አለፉ። ስኳር ያለባችሁ ለቀናት ከፍ ስለሚል ቶሎ ቶሎ ለኩ። በአምስተኛው ቀን ከአልጋ ስወርድ ምንም እንዳልተሰማኝ ያወቅኩት ማድ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ወደ አራት ወር ገደማ ያዘልኝ። በዚያ ጊዜ የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻ ስፖርቱን አንድ ቀን ሳላጓድል ሠራሁ፤ ፊዚዮቴራፒው በመጀመሪያ ያልሠራልኝ እያመመኝ ስለምሠራው ነበር። አሁን ደረጃው 2 ነው፤ አንዳንድ ቀን 3።

ባለፈው ወር ለክትትል ስሄድ አንድ አዛውንት ወገባቸውን ይዘው ከመርፌ ክፍል ሲወጡ አየሁ። እጃቸው ላይ ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም። ወረፋዬን ትቼ እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

«አባቴ፣ ወገብዎን ነው የተወጉት?»

«አዎ ልጄ። ሄጄ ጋደም ልበል።»

«እስከ ማታ አይተኙ» አልኳቸውና ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀት መፈለግ ጀመርኩ።