ባዶ ታንክ ለምን ይታጠባል?

መርከብ ጭነቷን ስታራግፍ ትቀላለች። ቀልላ ባሕር ላይ ብትወጣ ማዕበል ስለሚጫወትባት ከወደቡ ውሃ ስባ ትከብዳለች፤ ሌላ ወደብ ደርሳ ስትጭን ያንን ውሃ ትደፋዋለች። ባላስት የሚባለው ይህ ነው። አብሮት የተሳበው እንቁላል፣ እጭና ባክቴሪያም አብሮ ይደፋል።

እኔ ብትን ጭነት በምታጓጉዝ መርከብ ላይ ሰርድ ኢንጂነር (ሦስተኛ መሐንዲስ) ነኝ፤ የባላስት ፓምፖቹና ማጣሪያው በእኔ እጅ ናቸው። ከአውሮፓ ብረት ጭነን በሴንት ሎረንስ ወንዝ በኩል ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች እንገባለን፣ ስንመለስ እህል እንይዛለን። አዲስ የሚመጡ ልጆች ሁሌም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ ብረት ሞልተን ስንሄድ ታንኮቹ ባዶ ናቸው፣ ታዲያ ምን እናጥባለን?

የተደፋ ጀሪካን ሥር ዝቃጭ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ባዶ በተባለ ታንክ ሥርም ፓምፑ የማይደርስበት ውሃና ጭቃ ይቀራል። ብረቱን ኢሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ክሊቭላንድ አራግፈን የሐይቁን ውሃ ስንስብ ከዚያ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፤ ዱሉዝ ደርሰን ስንዴ ስንጭን ሁሉም ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ይደፋል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አሜሪካ ባላስት የያዘ መርከብ ውቅያኖስ ላይ ውሃውን እንዲለውጥ ብታስገድድም፣ «ባላስት የለኝም» ያለው ያልፍ ነበር። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው መርከብ ደግሞ እንዲያ ብሎ ነው የሚገባው! ቀዳዳው የተደፈነው ካናዳ በ2006፣ የአሜሪካው የሲዌይ (የሴንት ሎረንስ የመርከብ መተላለፊያ) አስተዳደር ደግሞ በ2008 ባዶ ታንክም በጨው ውሃ ይታጠብ ካሉ በኋላ ነው።

እስከዚያ ግን ብዙ ነገር ገብቷል። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ የመጣችው ዜብራ መስል፣ ጥፍር የምታክል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል፣ በ1988 ሴንት ክሌር ሐይቅ ላይ ተገኘች። በዓመቱ በሚሺጋን የሞንሮ ከተማን የውሃ መሳቢያ ደፈነችው። ባሕር ዳር ስሠለጥን እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይቻለሁ (እሱ በባላስት አልመጣም)፤ አንዴ የገባን ነገር የማስወጣት ልፋት አዲስ አልሆነብኝም።

አጠባው ከባሕር ዳርቻ ቢያንስ 200 የባሕር ማይል ርቀን የምንሠራው ነው። ለእያንዳንዱ ታንክ ጥቂት የውቅያኖስ ውሃ እናስገባለን፣ የመርከቧ መወዛወዝ ጭቃውን ያላውሰዋል፣ ከዚያ እስከ ጠብታው እንስበዋለን። በታንኩ የቀረው ውሃ ጨው ከሺህ 30 እጅ እስኪደርስ ይደጋገማል። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ፍጥረት ያንን ጨው አብዛኛውን ጊዜ አይችለውም።

የትኛው ታንክ ቀድሞ እንደሚሞላና እንደሚለቀቅ የሚወስነው የመርከቧን ሚዛን የሚጠብቀው ቺፍ ኦፊሰር፣ የካፒቴኑ ምክትል፣ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በ2006 ኩጋር ኤስ የተባለችው መኪና ጫኝ መርከብ ከአላስካ በስተደቡብ ባላስት ስትለውጥ ነው በጎኗ የተኛችው። 23 ሠራተኞቿ በሄሊኮፕተር ተነሡ።

ከሥራው የተማርኩት አብዛኛው ስለ ጭቃ ነው። መርከቧ ወደ ኋላ ካላዘነበለች ውሃው ወደ መሳቢያው አይወርድም፤ ስለዚህ ነዳጁ ከየትኛው ታንክ እንደሚቀዳ ቀድሜ ከቺፍ ኦፊሰሩ ጋር እነጋገራለሁ። በብረት ማጠንከሪያዎቹ ሥር ያሉት የውሃ ማለፊያ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ደግሞ ከኋላቸው የተኛው ውሃ ጨው አይነካውም፤ ታንኩ ሲከፈት በእጅ መጥረግ ነው። የጨው መለኪያውን በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክዬ፣ ናሙናውን ከሥር፣ አስቸጋሪ ከሆነው ጥግ እወስዳለሁ። የሞንትሪያል ተቆጣጣሪዎችም የሚፈልጉት እሱን ነው። ያልበቃ ታንክ ሐይቆቹ ውስጥ ውሃ እንዳይደፋ ይታገዳል። መዝገቡንም ሥራው ሳይቀዘቅዝ ነው የምሞላው፤ የጻፍኩት ሥፍራና ሰዓት ከብሪጁ (መርከቧ ከምትመራበት ክፍል) መዝገብ ጋር ይመሳከራል።

በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የባላስት ውሃ ዓለም አቀፍ ስምምነት ማጣሪያና አልትራቫዮሌት የመሳሰሉ ማሽኖችን አምጥቷል፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሃያኛ) እና ከዚያ በላይ የሆነ ሕያው ነገር ከ10 ማነስ አለበት። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ግን ደፍራሽ ወንዝ ላይ ማጣሪያው ቶሎ ይታፈናል፤ ታንክ ሥር የተኛውን ጭቃ ደግሞ አይነካውም። ስለዚህ ጨው ውሃውን የሚተካ ነገር እስካሁን አላየሁም።

ከአጠባው ወዲህ ወደ ሐይቆቹ የሚገቡ አዳዲስ ወራሪዎች በእጅጉ ቀንሰዋል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ከሐይቆቹ የማይወጡት የአሜሪካ መርከቦች ለረጅም ጊዜ ከዚህ ሁሉ ነፃ ሆነው ኖረዋል። እኛ የውጮቹ ታንክ በታንክ ስንፈተሽ፣ እነሱ አስቀድሞ የገባውን ከኢሪ ወደ ሱፒሪየር ያመላልሱታል። ካናዳ ቢያንስ በ2021 ባወጣችው ደንብ የራሷንም መርከቦች አካትታለች።