የእማዬ ስልክ

ጳጉሜ ሲገባ ሆዴ ይባባል። ዛሬ ካፊያው አላባራም፣ የጎንደር ፒያሳም ጭር ብሏል። የኢንተርኔት ሱቁን በጊዜ ዘጋሁት። ከመውጣቴ በፊት የኮምፒውተሮቹን ክሮም፣ ኢንተርኔት የምንከፍትበትን ብራውዘር፣ አንድ በአንድ ዘግቼ ከፈትኩ። አፕዴቱ ራሱ ይወርዳል፤ ክሮም ተዘግቶ ካልተከፈተ ግን ሥራ ላይ አይውልም። ደንበኛ አስር ገጽ ከፍቶ፣ ኢሜይሉንም ሳይዘጋ ይሄዳል። እኔም "ይቆይ" እያልኩ ጥጉ ላይ ያለችው የአፕዴት ምልክት ከአረንጓዴ አልፋ ቀይ ሆናለች።

ቀዩን ሳይ የ2015 ጳጉሜ ትዝ አለኝ። ዌብፒ የሚባለውን የምስል ዓይነት የሚያነበው ኮድ ላይ የደኅንነት ክፍተት የተገኘ ጊዜ። ተንኮል የተሠራበት ምስል ሲከፈት ኮዱ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ ይጽፋል። በዚያ በኩል የሌላ ሰው ትእዛዝ ሊገባ ይችላል። ክፍተቱ ሳይደፈን በፊት ሰርጎ ገቦች እየተጠቀሙበት ነበር። ክሮም ጳጉሜ 6፣ በበዓሉ ዋዜማ ደፈነው። ሌላው ብራውዘር ፋየርፎክስ በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ።

እማዬን "የማታውቂውን ሊንክ እንዳትነኪ" ብያታለሁ። አትነካም፣ ቃሌን ትጠብቃለች። ምስል ግን ምን ይነካል? ይታያል እንጂ። አደይ አበባ ያለበት "እንኳን አደረሰሽ" ሲላክላት መነጽሯን ትፈልጋለች። ስልኩን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፣ በሁለት ጣት ታሰፋዋለች። ከዚያ የላከላትን ሰው ስሙን ጠርታ ትመርቃለች። ይሄንን እንዴት "ተይ" እላታለሁ?

ያኔ ጎንደር ላይ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። መድኃኒቱ፣ ማለትም አፕዴቱ፣ ወጥቷል፤ እኛ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለም። ለወራት። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዳታው ሲመለስ የተጠራቀመው ምስል ሁሉ ተንጋግቶ ገባላት። አፕዴቱ ግን አልገባም። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ፓኬጇን እንዳይጨርስባት ብዬ "በዋይፋይ ብቻ" ያልኩት እኔው ነኝ። እማዬ ቤት ዋይፋይ የለም።

ዛሬ ከሱቅ በቀጥታ እሷ ጋ መጣሁ። የኔን ዳታ በሆትስፖት ከፍቼላት እየወረደ ነው። ስልኳ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ጀርባው ሞቋል። እሷ ቡና እየቆላች "ተበላሸ እንዴ ልጄ?" አለችኝ። "አይ፣ እያደስኩልሽ ነው" አልኳት።

"የጎረቤቶቹንም አድስላቸዋ" አለች።

የስንቱን?